ስኳር እንደ ጫት ሱስ ያስይዛል ወይስ አምሮት ብቻ ነው?

አዘዞ ሚኒ ሚዲያ

ሰላም ለሁላችሁ። አዘዞ ላለ ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ስለ ሱስ ጽሑፍ እየተዘጋጀ ነው። ጫቱ፣ ሲጋራው፣ አረቄውና ቤቲንጉ ላይ ማንም አልተከራከረም። ከተማሪዎቹ አንዷ «ስኳርም ይግባ፣ ከኮኬይን ይበልጣል ይባላል» ስትል ግን ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። ስኳር ስል የሚበላውን እንጂ በሽታውን አይደለም። እንድታብራሩልን የምንፈልገው ሦስት ነገር ነው። አንድ ነገር ሱስ የሚባለው በምን ተለክቶ ነው? የአይጦቹ ጥናት የሚሉት ምን አገኘ? በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲቆዩ ራስን የሚፈልጠውስ የስኳር ሐራራ ነው?

አንገረብ

መምህር፣ ቀላሉ ሦስተኛው ስለሆነ ከእሱ ልነሣ። ረሃቡና ውሃ ጥሙ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ቡና ወይም ሻይ የለመደ ሰው ላይ ግን ዋናው ተጠርጣሪ ካፌይን ነው። ካፌይን ከተቋረጠ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ራስ ምታት፣ ድብታና ብስጭት ይጀምራል፤ በሁለተኛው ቀን ገደማ ይብሳል፤ ከ2 እስከ 9 ቀን ሊቆይ ይችላል። በቀን 100 ሚሊ ግራም ብቻ በለመደ ሰው ላይ እንኳ ይታያል፤ ይህም አንድ ጠንከር ያለ ቡና ነው። አሁን ሰዓቱን ቁጠሩት፦ ማታ አንድ ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ሻይ የጠጣ ሰው በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን 20 ሰዓት ሞልቶታል። ስኳሩ ስሙ የሚነሣው አብሮ በአንድ ብርጭቆ ስለሚገባ ነው።

ለክበቡ ልጆች የሚሆን ሙከራ አለ፤ በፍስክ ሰሞን ይሁን እንጂ፣ አለዚያ ረሃቡ ውጤቱን ያበላሻል። ለሦስት ቀን ቡናውንም ሻዩንም በለመዱት ሰዓትና መጠን ያለ ስኳር መጠጣት። ከዚያ ጥቂት ቀን ወደ ቀድሞው ተመልሶ፣ ለሌላ ሦስት ቀን ቡናና ሻይ ቅጠሉን ትቶ ጦስኝ አፍልቶ እንደወትሮው ስኳር መጨመር፤ ጦስኝ ካፌይን የለውም። ራስ የፈለጠው በየትኛው ዙር እንደሆነ መመዝገብ ነው። ሁለቱንም በአንድ ቀን ያቋረጠ ሰው ግን የትኛው እንዳመመው በምንም ሊያውቅ አይችልም።

ወደ መለኪያው ስንመጣ፣ አማርኛችን አምሮት፣ ልማድ፣ ሱስ፣ ሐራራ ብሎ ለይቶ ያስቀመጠውን እኛው እንቀላቅለዋለን። «ሱሴን ልውጣ» ብሎ ፒያሳ ካፌ የሚገባ ሰው ብዙውን ጊዜ ልማዱን ነው የሚናገረው። የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የአሜሪካው መመሪያ ዲ.ኤስ.ኤም-5 (እ.ኤ.አ. 2013) 11 ምልክቶች አሉት። በጫት ልግለጻቸው፦ ካሰበው በላይ መቃም፤ ልቀንስ ብሎ አለመቻል፤ ቀኑን በፍለጋ፣ በቅሚያና ከምርቃና በማገገም መጨረስ፤ ብርቱ አምሮት፤ ሥራን ወይም ትምህርትን መበደል፤ ከቤተሰብ እያጣላው መቀጠል፤ ይወደው የነበረውን ነገር መተው፤ አደጋ ባለበት መጠቀም፣ ለምሳሌ መኪና እየነዱ፤ እንደሚጎዳው እያወቀ አለማቆም፤ የቀድሞው መጠን አላረካ ማለት፤ ሲቀር ሐራራ። በ12 ወር ውስጥ 2 ወይም 3 የታዩበት ቀላል፣ 4 ወይም 5 መካከለኛ፣ 6ና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። ከ11ዱ ምልክቶች የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በሐኪም ትእዛዝ በአግባቡ በሚወሰድ መድኃኒት የመጡ ከሆነ አይቆጠሩም። ለሕመሙ ሞርፊን የታዘዘለት በሽተኛ ሰውነቱ ስለለመደው ብቻ ሱሰኛ አይባልም።

ስኳር በዚህ መመሪያ ውስጥ የለም። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባለው የዓለም ጤና ድርጅት ዝርዝር፣ በአይ.ሲ.ዲ-11ም እንደ ሱስ አልተመዘገበም። ስኳር ከሸማቾች ሲጠፋ ሰልፉ ይረዝማል፣ ሰው ያማርራል፤ ጫት የቀረበት ሰው እንደሚቃዠው ዱካክ የሚይዘው ግን የለም።

ቀሃ ማዶ

አንገረብ፣ በካፌይኑ አልከራከርም። «ዱካክ አይይዝም» የሚለው ግን አያስኬድም። ቤቲንግ ምኑ ነው ደም ውስጥ የሚገባው? ሆኖም ቁማር እዚያው ዲ.ኤስ.ኤም-5 ውስጥ ከሱሶቹ ጋር ተመድቧል፤ አይ.ሲ.ዲ-11 ደግሞ የቪዲዮ ጌም ሱስን ጨምሯል። ስለዚህ ወሳኙ ልጓሙ በማን እጅ ነው የሚለው ነው።

የአይጦቹን ጉዳይ ላብራራ፤ ሁልጊዜ ግማሹ ብቻ ነው የሚወራው። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተሠሩት ሙከራዎች አይጦቹ በየቀኑ 12 ሰዓት ምንም ሳይበሉ ይቆያሉ፤ ከዚያ ለ12 ሰዓት ከመኗቸው ጋር የስኳር ውሃ ይቀርብላቸዋል። ጥቂት ሳምንት እንዲህ ከቆዩ በኋላ ስኳሩን ገና ሲያገኙት ብዙ ይጠጣሉ። በአንጎላቸው ውስጥ ከደስታና ከመሻት ጋር የተያያዘው ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር በየቀኑ እንደ አዲስ ከፍ ይላል፤ መደበኛ ምግብ ሲለመድ ግን ይህ እየቀዘቀዘ ነው የሚሄደው። ናሎክሶን የተባለው የሞርፊን ማርከሻ ሲወጉ ደግሞ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል፣ የፊት እግራቸው ይንቀጠቀጣል። ይህ በእርግጥ ሐራራ ይመስላል።

የሚዘለለው ግማሽ ይኸውና፦ ያንኑ ስኳር ቀንም ሌትም ያለገደብ ያገኙ አይጦች ላይ እነዚህ ምልክቶች አልታዩም። ስኳሩ አንድ ነው፤ የተለየው መከልከሉና መፈቀዱ ነው። ጣቱ ወደ ስኳሩ ብቻ ሳይሆን ወደ አበላሉም ይቀሰራል ማለት ነው።

«ከኮኬይን ይበልጣል» የሚለው ፈረንሳይ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣ ጥናት የተወሰደ ነው። ምርጫ ከተሰጣቸው አይጦች 94 በመቶዎቹ ከኮኬይኑ ጣፋጩን መርጠዋል። ያ ጣፋጭ ግን ሳካሪን የሚባል ካሎሪ የሌለው ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ነበር፤ በዚያው ጥናት በስኳር ሲሞከርም ምርጫው ተመሳሳይ ነበር። ደግሞስ አንድን ነገር ከሌላው መምረጥ ሱሰኛ መሆን ነው? የተራበ ሰው ከብር ይልቅ እንጀራ ቢመርጥ የእንጀራ ሱሰኛ አንለውም።

ሰው ላይ ያለው ማስረጃ ከዚህ የሳሳ ነው። የዬል የምግብ ሱስ መለኪያ የሚባል መጠይቅ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቶ በ2016 በ35 ጥያቄዎች ታድሷል፤ አንገረብ የዘረዘራቸውን 11 ምልክቶች ወደ ምግብ አዙሮ ይጠይቃል። ሰዎች «ልተወው አልቻልኩም» ብለው ከሚጠሯቸው ምግቦች ፊት የሚሰለፉት ቸኮሌት፣ አይስክሬም፣ ቺፕስ፣ ፒዛ ናቸው፤ ማለትም ስብና ስኳር፣ ወይም ስብና እንደ ዱቄትና ድንች ያለ ነገር አንድ ላይ የገቡባቸው። ቺፕሱና ፒዛው ጣፋጭ እንኳ አይደሉም! ስኳር ብቻውን በማንኪያ የሚልስ ካለ እናቱ ጓዳ የገባችለት ሕፃን ነው። ፍጥነቱም አለበት፦ ሸንኮራ አገዳ የሚመጥ ሰው ስኳሩ ሳይበዛ መንጋጋው ይደክማል፤ ለስላሳው ግን በአምስት ጉንጭ ያልቃል።

እኔ ብሆን ስኳርን ከጫት ጎን አልደረድረውም፤ ጨርሶም አላወጣውም። «ሱስ የሚመስል አበላል» ብዬ ለብቻው መስመር እሰጠዋለሁ።

አንገረብ

የቁማሩን ነጥብ ተቀብያለሁ፤ ዱካኩን አንሥቻለሁ። ለብቻው መስመር ይሰጠው፣ ኮኬይን የሚለው ቃል ብቻ ይውጣ። አንድ ልጨምር፦ በአጭር ጊዜ፣ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ውስጥ ማለት ነው፣ ማቆም እያቃተው ከልክ በላይ የሚበላ፣ ይህም በሳምንት ቢያንስ አንዴ ለሦስት ወር የተደጋገመበት ሰው ስም ያለው የአመጋገብ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ከባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚሰጥ ሕክምናም አለው። እንዲህ ያለውን ሰው «የስኳር ሱስ ነው፣ ጨክነህ ተው» ብሎ መሸኘት ማባባስ ነው። ጨክኖ ይተዋል፣ ይራባል፣ ማታ ተመልሶ ይወድቅበታል፤ የፕሪንስተኖቹን አይጦች መሆን ነው።

ነጭ ጋውን

የተዘለለ ነገር አለ፤ ጽሑፉ ውስጥ ባይገባ ሰው ይጎዳል። «ስኳር ካልቀመስኩ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበኛል፣ ልቤ ይመታል» የሚል ሰው ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር በሽታ ክኒን የሚውጥ ከሆነ ጉዳዩ ሐራራ አይደለም፤ የደም ስኳሩ ወርዶ ነው። ምግብ ሲዘለልና በጾም ሰዓት ይህ ይበዛል። የደም ስኳሩ ሲለካ ከ70 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) በታች ከሆነ፣ መለኪያ ከሌለም ምልክቱ ከታየ፣ 15 ግራም ስኳር ወዲያው ውሃ ውስጥ በጥብጦ መጠጣት ነው፤ ወደ 4 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ይሆናል። 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ያንኑ መድገም፤ ሲስተካከል ምግብ መብላት። ቸኮሌት አይሆንም፣ ስቡ ስኳሩን ያዘገየዋል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይጨመርም፣ ትን ይለዋል፤ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

አዘዞ ሚኒ ሚዲያ

እግዚአብሔር ይስጥልን። የአይጦቹን ነገር ለሁለቱም ወገን አንብቤላቸዋለሁ። መቀነስ ለሚፈልግ ቤተሰብስ ስንት ነው ልኩ? በየቤቱ ሚዛን የለም። ማሩስ ይቆጠራል?

ሚዛን

ሚዛን የለም ካሉ ኪሎው ራሱ ሚዛን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር፣ የማርና የጭማቂውን ጨምሮ፣ ከዕለቱ ጉልበት ከ10 በመቶ በታች ይሁን ይላል፤ 5 በመቶ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 50 ግራምና 25 ግራም ማለት ነው። ቤቱ ስኳር የገዛበትን ቀን ግድግዳ ላይ ጽፎ ያለቀበትን ቀን ማየት ነው። 5 ሰው ያለበት ቤት 5 ኪሎ በ30 ቀን ከጨረሰ፣ ለአንድ ሰው በቀን 33 ግራም ደረሰው። ውጭ የሚጠጣው ገና አልተደመረም፦ ለስላሳ በ100 ሚሊ ሊትር ከ10 እስከ 11 ግራም ስለሚይዝ አንድ 300 ሚሊ ጠርሙስ ብቻውን ከ30 እስከ 33 ግራም ይይዛል። ጁስ ቤት ስፕሪስ ሲያዙ «ስኳር እንዳይገባ» ማለት ከመፈጨቱ በፊት ነው፤ ከተፈጨ በኋላ አይወጣም።

ማንኪያው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ልሙጥ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ነው፤ የእኛ ሰው ቆልሎ ስለሚጨልፍ «ሁለት ማንኪያ» ያለው በልሙጥ ሦስት ይወጣዋል። ስለዚህ መጀመሪያ መጠኑን ሳይቀንሱ በልሙጥ ማንኪያ መለካት ብቻ። ከዚያ በየ10 ቀኑ ግማሽ ማንኪያ፤ ከ3 ወደ 1 ለመውረድ 40 ቀን ይፈጃል። ምላስ ቀስ ብሎ ነው የሚለምደው፤ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ የድሮው ሻይ ራሱ ከልክ በላይ ይጣፍጣል።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ ሻዩ ከስኳሩ ጋር ፈልቶ ፔርሙስ ውስጥ የሚገባበት ቤት ማንም የራሱን መጠን አያውቅም። ስኳሩ ከማንቆርቆሪያው ይውጣና ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ በአንድ ጊዜ ቡናም ስኳርም የሚተው ሰው በሁለተኛው ቀን ራሱን ሲፈልጠው «አየህ፣ የስኳር ሱስ ነው» ብሎ ይመለሳል፤ ለምን እንደሆነ አንገረብ ተናግሯል። ሦስተኛ፣ ከሻዩ የቀነሰውን በለስላሳ የሚተካ አለ።

ማር ይቆጠራል። አንድ የሻይ ማንኪያ ማር 7 ግራም ይመዝናል፣ ወደ 6 ግራሙ ስኳር ነው፤ ከልሙጥ ማንኪያ ስኳር ይበልጣል ማለት ነው። ብርዝም እንደዚያው። ብርቱካን ተልጦ ሲበላ አይቆጠርም፤ ተጨምቆ ሲጠጣ ይቆጠራል። የወተት ስኳር አይቆጠርም፤ ማኪያቶው ውስጥ የጨመራችሁት ግን ይቆጠራል።