«ሀ ሁ» ይቅደም ወይስ የባንኩ ወረቀት?

የማታ አስተማሪ (ደሴ)
ሰላም ጀመዓው፣ እንዴት አመሻችሁ። አንድ የከበደኝ ጉዳይ አለ፤ ተከራከሩበት።

ሰፈራችን ውስጥ ከሥራ በኋላ ጎልማሶችን በነፃ እናስተምራለን። ሃያ የሚሆኑ ተማሪዎች አሉን፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ጉልት የሚቸረችሩ፣ ሰው ቤት እንጀራ የሚጋግሩ፣ ልብስ የሚያጥቡ። አምና እንደተለመደው ከፊደል ገበታ ጀመርን። የገና በዓል ሳይደርስ ግማሾቹ አቋረጡ። ካቋረጡት አንዷን ሰኞ ገበያ አገኘኋትና ምን ሆነሽ ቀረሽ አልኳት። «እትዬ፣ እስከ ‹ቀ› ደርሻለሁ። ባንክ ስሄድ ግን አሁንም ዘበኛውን ነው ሙላልኝ የምለው» አለችኝ። ይህን ስትል ዓይኗን ከሽንኩርቷ አላነሳችም። እኔም መልስ አልነበረኝም።

ዘንድሮ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ራስን ችሎ በመኖር ትምህርት እንጀምር ባይ ነኝ። ስልክ መያዝ፣ ቴሌብር፣ የባንክ ወረቀት፣ የመድኃኒት አወሳሰድ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ መናኸሪያ ላይ ትክክለኛውን መኪና ማግኘት። ፊደሉ በዚያው ውስጥ ይምጣ። አብረውኝ የሚያስተምሩት ግን አልተስማሙም። እናንተስ?

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ ድካማችሁን እግዜር ይቁጠርላችሁ። ሐሳቡን ግን አልቀበለውም።

እኔ በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲጀመር ገና ጎረምሳ ነበርኩ። ወረኢሉ ገጠር፣ ማታ በኩራዝ፣ ቀን ዛፍ ጥላ ሥር አስተምሬያለሁ። እርሻ ውለው የመጡ ሽማግሌ ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ጽፈው ወረቀቱን አጣጥፈው ከኪሳቸው ሲከቱት አይቻለሁ። አገራችን ከዩኔስኮ የተሸለመችበት ዘመቻ ነው። ያኔም «ለገበሬ ፊደል ምን ያደርግለታል፣ ማዳበሪያ አስተምሩት» የሚል ሰው ነበር።

ፊደል ያልለየ ሰው ያሳያችሁትን ሁሉ በቃሉ ነው የሚይዘው። በቃል የተያዘ ነገር ደግሞ ዕቃው ሲለወጥ አብሮ ይጠፋል። በ2013 መስከረም ብሩ ሲቀየር ምን እንደሆነ ረሳችሁት? ብርን በቀለሙ የሚለዩ እናቶች «ቀይዋ አስር ናት» ብለው ኖረው፣ አዲሷ ሃምሳ ቀላ ብላ ስትመጣ ሃምሳውን በአስር ሰጥተው የሄዱ አሉ። በዓይኔ አይቻለሁ።

የቦርከና ልጅ
መምህር ትክክል ናቸው። የቴሌብርን ገጽ በቃሏ ያጠናች ሴት፣ ሜኑው የተቀየረ ቀን ወደ መጀመሪያው ተመለሰች ማለት ነው።

የማታ አስተማሪ (ደሴ)
ጋሼ፣ የብሩ ምሳሌዎ ለኔ ነው የሚመሰክረው። እነዚያን እናቶች ያድናቸው የነበረው ፊደል አይደለም፤ 5ን ከ1 መለየት ነው። ፊደላችን 33 በ7፣ 231 ነው፤ ዲቃሎቹን፣ እነ «ቋ»ንና «ጓ»ን፣ ሳንቆጥር። ቀን ልብስ ስታጥብ የዋለች ሴት በሳምንት ሁለት ማታ መጥታ ያን ስትጨርስ ዓመት ያልፋል። አሃዝ ግን ከ0 እስከ 9 አስር ብቻ ነው። አስሯን ካወቀች ብሩን ታውቃለች፣ ስልክ ቁጥር ትመታለች፣ የቤት ኪራዩን ደረሰኝ ታያለች፣ የንግድ ባንክ ደብተሯ ላይ ያሉትን 13 አሃዞች አንድ በአንድ ወደ ቅጹ ትገለብጣለች። በወር ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። «ተምሬ ምን አገኘሁ» ስትል የምታሳየው ነገር ይኖራታል፤ ያን ጊዜ አታቋርጥም።

ጡረተኛው መምህር
ቁጥር ይቅደም ብትይ እሺ። ግን አንዱ ቅጽ የገቢ ነው፣ ሌላው የወጪ ነው። 13ቱን አሃዝ አሳምራ ገልብጣ የተሳሳተው ወረቀት ላይ ብትጽፍስ? «ገቢ» እና «ወጪ»ን ማን ያነብላታል? ያው ዘበኛው ነው።

ከኮምቦልቻ፣ የስፌት ሠራተኛ
እኔ ፊደል አውቃለሁ። አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ ነው ከገጠር ወደ ኮምቦልቻ የመጣሁት። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ሲከፈት የሰፈራችን ልጆች «ሥራ አለ» ብለው ወረዱ፣ እኔም ቆይቼ ተከተልኳቸው። ስለዚህ ፊደል ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የገባሁበት ቦታ የደሞዝ ወረቀት ሲሰጡኝ ርዕሶቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። ከታች ያለውን ድምር ብቻ አይቼ አጥፌ እይዘው ነበር። በየወሩ ሁለት እሁድ ገብቼ እሠራ ነበር፤ የሚከፈለኝ ግን እንደ ተራ ቀን ነው። አላወቅኩም። ስምንት ወር ቆይቼ አንዲት ከፍ ያለች ሠራተኛ ምሳ ሰዓት ላይ ወረቀቴን ተቀብላ በጣቷ እያሳየች አስረዳችኝ። «ይቺ 7 ከመቶ ጡረታሽ ናት፤ አሠሪው ደግሞ 11 ይጨምርልሻል፣ ስለዚህ ተቆረጠብኝ ብለሽ አትዘኚ። ይቺኛዋ ግን ትርፍ ሰዓትሽ ናት፣ ባዶ ናት» አለችኝ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ በ1156፣ ቀን ላይ ለተሠራ ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ሌሊት 1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በበዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ እንደሚከፈል ከሷ ነው የሰማሁት። በሰዓት 10 ብር የሚከፈለው ሰው እሁድ 20 ሊከፈለው ይገባል ማለት ነው።

የእሁዱን ጠይቄ የመጨረሻውን ወር አስተካከሉልኝ። ያለፈው ግን ቀረ። ፊደሉን እያወቅኩ ነው የቀረብኝ። እትዬ፣ የደሞዝ ወረቀት ከትምህርቱ ውስጥ አስገቡት።

የልጆቹ እናት
እኔ ከተማሪዎቹ አንዷ ነኝ። ልጄ እየጻፈችልኝ ነው፤ ቃሉ የኔ ነው።

እትዬ እወድሻለሁ፣ ግን «የኑሮ ትምህርት» ስትሉኝ ደስ አይለኝም። አረብ አገር ስድስት ዓመት የሰው ቤት መርቻለሁ። ያላዘዝኩት ማሽን የለም። አራት ልጅ ያለ አባት አሳድጌያለሁ። ኑሮ ከኔ ይማሩ እንጂ እኔን ማን ያስተምረኛል? የጎደለኝ ፊደል ነው። ስሄድ የፈረምኩት ወረቀት ላይ ምን እንዳለ ሳላውቅ ነው የሄድኩት። አውራ ጣቴን ቀለም ነክረው አስቀመጡልኝ፣ በቃ። ያን ወረቀት ማንበብ ነው የምፈልገው። ትንሽ ሆኜ ቁርአን ቤት ገብቼ ቀርቻለሁ፤ አሊፍን የያዘ ጭንቅላት ሀሁን አያቅተውም። ሦስት ወር አታቆዩኝ።

የቦርከና ልጅ
አላህ ያክብርሽ እናቴ። ይህን ማንም አላነሳውም ነበር።

የማታ አስተማሪ (ደሴ)
እናቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስሙ ልክ አይደለም፣ እናስተካክለዋለን። ሃያውንም ሰው እንደ አንድ ሰው ማየቴም ጥፋት ነው። መጀመሪያ እያንዳንዷን «ምን ማድረግ አቅቶሽ ነው የመጣሽው?» ብለን መጠየቅ ነበረብን። አልጠየቅንም።

ፋርማሲስት
ከመድኃኒት መስኮት ሆኜ የማየውን ላምጣ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ተመልሳ መጣች። ልጇን ተቅማጥ ይዞት ኦአርኤስ ሰጥተናት ነበር፤ ሰዉ ለምለም የሚለውን። አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው የሚበጠበጠው። «በሃይላንድ በጥብጭው» ተብላለች። እሷ ቤት ያለው ሃይላንድ ግማሽ ሊትሩ ነው። ሲወፍር ልጁ አልጠጣም ብሎ ነው ያመጣችው፤ ደግነቱ አልጠጣም አለ፣ ጨው የበዛበት ውኃ ሕፃንን ይጎዳል። ፓኬቱ ላይ «1 ሊትር» ተጽፏል። ጠርሙሱ ላይም መጠኑ ተጽፏል። ሁለቱን ቁጥር ማስተያየት ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት።

«በቀን ሦስት ጊዜ» ተብላ ጠዋት ሦስቱን ኪኒን አንዴ የዋጠችም አጋጥማኛለች። ጥፋቱ የሷ ብቻ አይደለም፤ እኛም ወረፋው ሲበዛ 1×3 ብለን ጽፈን እንሰዳለን። አሁን እኔ «እስቲ ቤት ስትደርሺ እንዴት እንደምታደርጊ ንገሪኝ» ሳልል አልሰድም። እናንተም ክፍል ውስጥ እንዲህ አድርጉ። ስለ መድኃኒት አታስተምሩ፤ ፓኬቱን በእጃቸው ስጧቸው። ባዶ ፓኬትና ጠርሙስ እኔ አሰባስባለሁ።

የቦርከና ልጅ
አንድ ስጋት አለኝ። ቴሌብር ክፍል ውስጥ እንዴት ነው የምታስተምሩት? ሃያ ሰው ባለበት ሚስጥር ቁጥሯን ልትመታ ነው? እኛ ጎረቤት ያለች ሴትዮ «አስተምርሻለሁ» ያላት ልጅ ነው ቁጥሯን ይዞ ገንዘቧን ያወጣው።

የማታ አስተማሪ (ደሴ)
አስበንበታል። መጀመሪያ በካርቶን ላይ የስልክ ቁልፎችን እንስላለን። ኮከብ፣ 127፣ መሰላል። በውሸት ቁጥር አሥር ጊዜ ትመታለች። ከዚያ በራሷ ስልክ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ፣ እኛ ፊት ለፊት ቆመን። የመጀመሪያው ትምህርት ግን መላክ አይደለም፤ «ቁጥርሽን ለኔም እንዳትነግሪኝ» ነው። ስጋትህ ግን ሙሉ በሙሉ አልተፈታም፣ ልክ ነህ።

ወንድም ከሆጤ
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አንድ ሰው ረስታችኋል።

ታናሽ ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት። ትምህርት ቤት ሰባት ዓመት ተመላልሶ «ሀ» እና «ለ» አልተለዩለትም፤ በመጨረሻ «አይችልም» ተብሎ ቤት ተቀመጠ። «መጀመሪያ ፊደል» ከተባለ እሱ በሩ ላይ ይቀራል። ለዘላለም። ይቺን ነገር መምህር እንዲያስቡልኝ ነው የምጽፈው።

እናታችን ስትታመም ነገ እኔም ብሞት ማን ይይዘዋል ብዬ አንድ ነገር ላስተምረው ተነሣሁ፦ ከሰፈራችን ከሆጤ ወደ ፒያሳ ሄዶ ከአክስታችን ሱቅ ዳቦ ይዞ መመለስ። ለሌላ ሰው ምንም ነገር ነው። ለኛ አምስት ወር ፈጀ። መጀመሪያ መንገዱን በሙሉ ላስተምረው ሞክሬ አቃተው፤ ተናዶ ተቀመጠ። ከዚያ ከመጨረሻው ጀመርን። አብረን ሄደን ከባጃጁ ወርደን ሱቁ ደጃፍ ስንደርስ እኔ ቆሜ እሱ ብቻውን ገባ። ዳቦውን ይዞ ሲወጣ ፊቱን ብታዩት! በሚቀጥለው ሳምንት የቆምኩት ከባጃጁ መውረጃ ላይ ነው። ቀጥሎ ባጃጁ ውስጥ አብሬው ተቀምጬ፣ «ወራጅ» የሚለው እሱ ሆነ፤ ምልክታችን አንድ አረንጓዴ በር ነበር። ከዚያ በሌላ ባጃጅ ተከትዬው ሄድኩ። ልቤ ከአፌ ሊወጣ ነበር። በመጨረሻ ቤት ቀርቼ ጠበቅኩት። የሄደበትን ሒሳብ ለብቻው በቀኝ ኪሱ፣ የመልሱን በግራ ኪሱ እናደርግለታለን፤ ብር መቁጠር አይችልም።

አሁን ሦስት ዓመቱ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የባጃጅ ሾፌሮች «ዳቦ ነጋዴው» ይሉታል፣ እሱም ደስ ይለዋል። አንድ ፊደል አያውቅም። ከቤት ወጥቶ የሚገባ ሰው ግን ሆኗል።

ፋርማሲስት
ወንድሜ፣ አንብቤ እንባዬ መጣ። ከመጨረሻው መጀመር ያልከው ትልቅ ነገር ነው፤ ለመድኃኒቱም ልሞክረው ነው።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ አሰብኩበት። ቆሜም አሰብኩ፣ ተቀምጬም አሰብኩ። እኛ በዘመቻው ጊዜ ፈተና ያላለፈውን «ይድገም» ብለን መዝገብ ላይ ጽፈን ነበር የምናልፈው። ከነሱ ውስጥ እንደ ወንድምህ ያለ ስንቱ እንደነበር ዛሬ ነው ያሰብኩት።

ለሱና ለመሰሎቹ ፊደል መግቢያ በር አይሁን፤ እቀበላለሁ። ፊደል መያዝ ለሚችለው ሰው ግን ሐሳቤን አልለውጥም፤ ያቺ የልጆቹ እናት ያለችው የኔ ቃል ነው። የባንክ ቅጽ ስታስተምሩ «ገቢ» እና «ወጪ»ን ሳታስነብቡ ማታውን አትዝጉ። «ገ»ን ከቅጹ ላይ ትማረው፤ ነገ «ገ» ገበያ ላይም ይመጣል፣ የልጇ ስም ላይም ይመጣል። ባዶ እጇን፣ ያለ ፊደል የምትሄድበት ማታ መኖር የለበትም። በዚህ ከተስማማችሁ ጉልበቴ ባይረዳኝም ማክሰኞ ማክሰኞ እኔ መጥቼ አስተምራለሁ።

የማታ አስተማሪ (ደሴ)
ጋሼ፣ እኛ መጥተን እንወስድዎታለን። ሦስት ወር ያልኩትን ግን ገና ከባልደረቦቼ ጋር አልጨረስኩም፤ እነሱ አንድ ወር ይበቃል ነው የሚሉት፣ ለኔ አንሷል።

ከኮምቦልቻ፣ የስፌት ሠራተኛ
የደሞዝ ወረቀቴን ስሜን አጥፍቼ ፎቶ ኮፒ አድርጌ እልካለሁ። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ወደ ደሴ ለሚመጣ ሰው ልስጠው?

የማታ አስተማሪ (ደሴ)
ስጪው እህቴ፣ መናኸሪያ ወርጄ እቀበላለሁ።

ወንድም ከሆጤ
እትዬ፣ ወንድሜን ይዤው ልምጣ? ረጅም ሰዓት መቀመጥ አይወድም፤ ሰው ሲበዛም ይጨነቃል።

የማታ አስተማሪ (ደሴ)
ይምጣ። ማክሰኞ 11 ሰዓት ተኩል እንጀምራለን፤ ሰው ሳይበዛ 11 ሰዓት ላይ ይዘኸው ና። በሩ አጠገብ ቦታ እንይዝለታለን፤ ሲፈልግ ይወጣል፣ ሲፈልግ ይገባል።