ዛንዚባር ላይ ርካሽ ማደሪያ የት ይገኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር ከለገጣፎ ተነሥተን ለአንድ ሳምንት ወደ ዛንዚባር ለመጓዝ ብናስብም የባሕር ዳርቻ ሆቴሎች ዋጋ ከአቅማችን በላይ ስለሆነብን፣ ንጹሕና ርካሽ ማደሪያ ብትጠቁሙን እናመሰግናለን።

መልስ፦ በደሴቲቱ ሰሜን ጫፍ ካለችው ከኑንግዊ ይልቅ በምሥራቁ ዳርቻ ጃምቢያኒንና ፓጄን ተመልከቱ፤ ከውኃው ራቅ ብለው በመንደሩ ውስጥ የሚገኙት የእንግዳ ማረፊያዎች ዋጋቸው ቀነስ ይላል። ሆኖም በዚያ በኩል ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ እጅግ ስለሚሸሽ፣ እንደ ልብ መዋኘት የሚቻለው ውኃው ሲመለስ ነው።

ሌላ መልስ፦ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት አጋማሽ ዝናቡ ስለሚበረታ ዋጋው ይወርዳል፤ አንዳንዶቹ ማደሪያዎች ግን ይዘጋሉ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ አገር ጎብኚ የሚጠየቀውን የ44 ዶላር መድን በሒሳባችሁ አስገቡ። ከስቶን ታውን (ከአሮጌው የከተማ ክፍል) ደግሞ በታክሲ ፈንታ ዳላዳላ በሚባለው የሕዝብ ማመላለሻ ሂዱ።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ጃምቢያኒን መርጠናል፤ ባለቤቴ ዋና ስለማይችል የባሕሩ መሸሽ ለእርሱ ደስታ ነው።