ክረምት ላይ የመኪናዬ ሶላር አልበቃ አለኝ፤ ባትሪ ልጨምር?

መንገደኛዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አስጎብኚ ነኝ። በበጋ እንግዶች ይዤ የምወጣበት ሃይሩፍ ውስጥ አልጋ፣ ትንሽ ፍሪጅና የሥራ ጠረጴዛ አስገጥሜያለሁ። ክረምት ሲገባ ሥራው ስለሚቀዘቅዝ ሰንጋ ተራ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ አቆመውና እዚያው እሠራለሁ፣ እዚያው አድራለሁ። የቤት ኪራዩን ታውቁታላችሁ።

ጣሪያው ላይ 300 ዋት ፓነል አለ። ውስጥ ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፒር ሰዓት ጄል ባትሪና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይር 1000 ዋት ኢንቨርተር አለ። ፍሪጁ በቀጥታ ከባትሪው ነው የሚሠራው። ላፕቶፕ፣ ዋይፋይ፣ አምፖልና ስልክ በኢንቨርተር ነው። የካቲት ላይ ምንም ችግር አልነበረም። አሁን ሐምሌ ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሳይሞላ ኢንቨርተሩ ይጮህና ይጠፋል። ከግቢው በስተምሥራቅ ረጅም ሕንፃ አለ። ዕቃውን የሸጠልኝ ሰው «ሁለተኛ ባትሪ ጨምሪ» ይለኛል። ብር ከማውጣቴ በፊት ምን ትላላችሁ?

ኤሌክትሪሻን፦
እህቴ፣ ባትሪ አትግዢ። ባትሪ ማስቀመጫ እንጂ ማመንጫ አይደለም። የሚገባው ካነሰ ሁለቱም ባዶ ይሆናሉ። ሒሳቡን እንሥራ።

ፍሪጅሽ 45 ዋት ገደማ ቢስብና የቀኑን ግማሽ ቢሠራ 540 ዋት ሰዓት ነው። ላፕቶፕ 60 ዋት ለ5 ሰዓት፣ 300። ዋይፋይ፣ አምፖልና ስልክ 160 እንበል። ብዙ ሰው የሚረሳው ኢንቨርተሩን ነው። ምንም ባይሰካበትም ለራሱ ይበላል። 15 ዋት ቢሆንና ሌት ተቀን ቢበራ 360 ይወስዳል። ድምሩ 1360 ዋት ሰዓት።

ገቢውስ? በበጋ በቀን 6 ሰዓት ያህል ጥሩ ፀሐይ ብናስብና በሙቀት፣ በሽቦና በአቧራ የሚባክነውን ሩብ ብንቀንስ 1350 ይመጣል። የካቲትም ላይ ለጥቂት ነበር የሚበቃሽ። ክረምት ላይ ሦስት ሰዓት ተኩል ብንይዝ ወደ 790 ይወርዳል። ያውም ጥላው ሳይቆጠር።

በዚያ ላይ ጄል ባትሪ ዕድሜ እንዲኖረው ከግማሽ በታች ባይወርድ ይሻላል። ካለሽ 2400 ዋት ሰዓት ልትጠቀሚበት የሚገባው 1200 ነው።

የሰፈር ልጅ፦
እኔን የሚያሳስበኝ ጥላው ነው። ክረምት ላይ አዲስ አበባ ብዙ ጊዜ ጠዋት ይከፈትና ከሰዓት በኋላ ይዘንባል። የሚረባ ፀሐይ የምታገኚው ጠዋት ነው። ሕንፃው በምሥራቅ ካለ ያቺኑ ሰዓት ነው የሚወስድብሽ! ሁለተኛ ፓነል ብትሰቅዪም እዚያው ጥላ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። መኪናውን ከሕንፃው አርቀሽ ወደ ምዕራቡ ጥግ አስጠጊው።

የዛፍ ቅርንጫፍም ካለ እንዳትንቂው። የፓነሉ ሴሎች በተከታታይ የተያያዙ ናቸው። ጥግ ላይ ያረፈ ትንሽ ጥላ፣ አንድ ቦታ ላይ እንደታጠፈ የውሃ ጎማ፣ ብዙውን ምርት ያንቀዋል። ፓነሉን ወደ ፀሐይ ማዘንበሉን ግን ተዪው። በሐምሌ እኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ብቻ ነው የምትርቀው።

ሾፌር ነኝ፦
ወደፊት ባትሪ ስትቀይሪ ሊቲየም አይረን ፎስፌት አስቢበት። ከ80 እስከ 90 በመቶውን ትጠቀሚበታለሽ፣ ክብደቱም ያነሰ ነው። ግን ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ አይደረግም። ሸገር ላይ ይህ አያሰጋም፤ እንግዳ ይዘሽ ባሌ ሳኔቲ ከወጣሽ ግን ከ4000 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊት ውርጭ አለ። ከዳይናሞው ጋርም በቀጥታ አይገናኝ፣ ዳይናሞው ከመጠን በላይ ሊግል ይችላል። መሃል ላይ ከዳይናሞው የሚመጣውን የሚመጥን ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር ይግባ።

መንገደኛዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ኢንቨርተሩን ሳላበራ ላፕቶፑን ቻርጅ ማድረግ ይቻላል? ደግሞ የግቢው ባለቤት «መብራት ሲኖር ሰክተሽ ተጠቀሚ» ብለውኛል።

ኤሌክትሪሻን፦
ይቻላል። ላፕቶፕሽ በዩኤስቢ ሲ የሚሞላ ከሆነ በቂ ዋት ያለው የመኪና ቻርጀር ይበቃዋል። ዋይፋዩም ባለ 12 ቮልት ከሆነ ከባትሪው ሊሠራ ይችላል። ከዚያ ኢንቨርተሩን ዝጊው።

መብራት ካለማ ተገላገልሽ። ለጄል የሚሆን ቻርጀር ግዢና ቢያንስ በሳምንት አንዴ ባትሪውን ጢም አድርጊው። ሳይሞላ ሲከርም ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርና አቅሙ ይሞታል። እስካሁንም ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ከሞላ በኋላ አስለኪው። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ፊውዝ ከሌለ ዛሬውኑ ይግባ። 1000 ዋት በ12 ቮልት ከ80 አምፒር በላይ ነው፣ ቀጭን ሽቦ እሳት ያስነሳል።

እናት ነኝ፦
ልጄ፣ የሐምሌ ብርድ ቢያስቸግርሽ ከሰል ይዘሽ እንዳትገቢ። ጀነሬተርም መኪናው አጠገብ አይነሳ። ጭሱ ባይታይሽም ካርቦን ሞኖክሳይዱ እንቅልፍ ላይ እያለሽ ይገድላል። ብርድ ልብስ ደርቢ።

ኤሌክትሪሻን፦
እውነት ነው እናቴ። መንገደኛዋ፣ መኪናውን ከጥላው አርቀሽ ኢንቨርተሩንም ዘግተሽ ካልበቃሽ ያን ጊዜ ፓነል ጨምሪ። ከመግዛትሽ በፊት ግን ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረውን የቻርጅ ኮንትሮለር አምፒር እዪ። 600 ዋት ሲሆን እስከ 50 አምፒር ሊመጣበት ይችላል። ላዩ ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንስተሽ ላኪልን።