ከስሩ ጨው የሚያወጣ ባርኒ ምን ይደረጋል?

ሰላም ወገኖች፣ ህንድ የኖራችሁ ወይ የሴራሚክ ስራ የምታውቁ እስኪ እርዱኝ። ዴልሂ ነው ያለሁት፣ ኩርጃ በምትባል የሴራሚክ ከተማ የተሰራ ባርኒ ከአሮጌ እቃ ሻጭ ገዝቼ ነበር፣ ያው ህንዶች አቻር (በጨው፣ በቅመምና በዘይት የሚቆይ ፍራፍሬ ወይ አትክልት) የሚያስቀምጡበት ከላይ ቡናማ ከታች ነጭ የሆነው ማሰሮ፣ 5 ኪሎ ገደማ ይይዛል። ጥሬ ማንጎ በጨው፣ በእርድ፣ በአብሽ፣ በበርበሬና በሰናፍጭ ዘይት አድርጌ አፉን በጥጥ ጨርቅ አስሬ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት።

ከዛ በታች በኩል ነጭ ዱቄት ማውጣት ጀመረ፣ ቀመስኩት ጨው ነው፣ ብጠርገውም ተመልሶ ይወጣል። ስሩ ያነጠፍኩት ጋዜጣም ዘይት ጠጥቷል። አቻሩን ወደ ጠርሙስ ገልብጬ (እሱ ደህና ነው፣ ሽታውም ጣዕሙም አልተቀየረም) ባዶውን ውሃ ሞልቼ አሳደርኩት፣ ጠዋት ታቹ እርጥብ ሆኖ አገኘሁት። በባትሪ አብርቼ ውስጡን ሳየው ስንጥቅ የሚባል የለም፣ ግን በጣት ሲመታ እንደ ደህና ባርኒ ጥርት ያለ ድምፅ አይሰጥም፣ ድፍን ነው።

ታቹ ግሌዝ (እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨው ሽፋን) እንደማይቀባ አውቃለሁ፣ ግን በደንብ የተቃጠለ ከሆነ ጭቃው ራሱ ውሃ ማሳለፍ የለበትም አይደል? ስለዚህ ወይ ሲሰራ በደንብ አልበሰለም ወይ ውስጡ ያለው ግሌዝ በአይን የማይታይ ስንጥቅ አለው ብዬ ነው የማስበው። ጎረቤቴ አንቲ ጣይው ትላለች፣ እኔ ደግሞ እንደ አገር ቤት ሸክላ ላሟሸው አልኩና ግሌዝ ያለው እቃ ላይ ይሰራል ብዬ አላመንኩም። ቆንጆ እቃ ስለሆነ መጣሉ አንጀቴን በላው።

እንዲህ የሚያሳልፍ ባርኒ ተደፍኖ እንደገና ለአቻር ይሆናል ወይስ ከአሁን በኋላ ለደረቅ ቅመም ብቻ ነው የሚያገለግለው?