የስልክ ክትትል ፕሮፖዛል፦ ረቂቅ 3፣ አስተያየት እስከ ሐሙስ

ጸሐፊዋ፦ ረቂቅ 3 ይኸው። ዓርብ ይገባል። አስተያየት እስከ ሐሙስ ማታ ብቻ። ዓላማው ያው ነው፦ ቀጠሮ ያሳለፈ የቲቢ ታካሚ በማግስቱ መልእክት ይላክለታል፣ በሦስተኛው ቀን ይደወልለታል፣ በሳምንቱ ቤቱ ድረስ ይኬዳል። በዕጣ ግማሹ ይሄ ይደረግለታል፣ ግማሹ እንደተለመደው ይቀጥላል። መረጃው ኦዲኬ በሚባል የስልክ ቅጽ መሙያ ይሰበሰባል። በጀቱን ቁጥር ወዳጅ ወስዶታል።

ቁጥር ወዳጅ፦ ነገ ማታ አደርሳለሁ።

ሒሳብ ያዥ፦ በጀቱ ውስጥ ታብሌት የሚል ቃል እንዳላይ። ያለፈው ዙር ታብሌቶች እስካሁን ካርቶን ውስጥ ናቸው። ገምጋሚዎቹ ያኔ የጻፉልንን ከረሳችሁ እለጥፈዋለሁ።

ዳታ ቤት፦ ታብሌት አያስፈልግም። ኦዲኬ በማንኛውም የአንድሮይድ ስልክ ይሠራል። ኔትወርክ በሌለበት ይሞላል፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል። ሌላው የመረጃ መሰብሰቢያ ሶፍትዌር፣ ሬድካፕ፣ ይሁን ላላችሁም፦ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው ነው፣ ማን ምን እንደቀየረ በደንብ ይመዘግባል፣ አልጠላውም። ግን ተቋም ውል ይፈርማል፣ ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ይቀመጣል። ያ ሰው እኔ ልሆን ነው። አልሆንም።

ሲስተር፦ የመልእክቱን ጽሑፍ አነበብኩት። "የቲቢ መድኃኒት ቀጠሮዎ አልፏል።" ማን ነው የጻፈው? አንድ ስልክ ቤተሰቡ ሁሉ ይጠቀምበታል። ባል ያየዋል፣ አማት ታየዋለች፣ ልጅ ጮክ ብሎ ያነበዋል። የበሽታ ስም፣ የመድኃኒት ስም፣ የክሊኒክ ስም ይውጣ። ኬንያ ውስጥ የተሠራውን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ላንሴት የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውን ጥናት አስታውሱ። በየሳምንቱ የሚላከው "ማምቦ?" ብቻ ነበር፤ "እንዴት ነህ?" እንደማለት። ደህና የሆነ "ሳዋ" ብሎ ይመልሳል፣ የቸገረው "ሺዳ" ይላል። ለቸገረውና ዝም ላለው ይደወላል። የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን በአግባቡ የሚወስዱት በዙ። ኤችአይቪ የሚል ቃል ግን መልእክቱ ውስጥ አልነበረም።

ጸሐፊዋ፦ ልክ ነሽ፣ አወጣዋለሁ። ሌላ ያለው?

ቀጥታ ተናጋሪ፦ ገጽ 2፣ ሁለተኛው አንቀጽ። "ተጠኚዎች" ይላል። ሰው ነው የምናጠናው ወይስ ጉንዳን? ይሄ ቃል እያለ ስሜ እንዳይገባ።

ዳታ ቤት፦ ከረቂቅ 1 ጀምሮ አለ። ዛሬ ነው የታየህ?

ቀጥታ ተናጋሪ፦ ዛሬ ነው የታየኝ። የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያው፣ የሄልሲንኪ መግለጫ ራሱ፣ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የኖረበትን ቃል በ2024 ትቶ "ተሳታፊ" ብሏል። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር የተወውን እኛ እንደ አዲስ እናንሳው?

ዶክተር፦ "ታካሚ" በሉትና ይለቅ።

ሲስተር፦ አብረዋቸው የሚኖሩትንም እንመዘግባለን ብለናል እኮ። እነሱ አልታመሙም።

ዶክተር፦ "ታካሚና ቤተሰብ" በሉት።

ቀጥታ ተናጋሪ፦ "ተሳታፊ"። አንድ ቃል ነው፣ አለቀ።

ዳታ ቤት፦ አላለቀም። ቅጹ ላይ የሚታየውን ቃል ቀይሩት፣ ግድ የለኝም። የመረጃ ሰንጠረዡን ዓምድ ስም ከነካችሁ ግን የሙከራው መረጃ በአንድ ዓምድ፣ አዲሱ በሌላ ዓምድ ይቀመጣል። የስምምነት ቅጹ ደግሞ ጸድቋል። አንድ ቃል ከተነካ ማሻሻያ ተብሎ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ተመልሶ ይገባል።

ቀጥታ ተናጋሪ፦ ሁሌ "ዓምዱ ይበላሻል"። ባለፈውም ዓምድ ዓምድ እያልክ ሪፖርቱን ሦስት ወር አዘገየኸው።

ዳታ ቤት፦ ወንድሜ፣ ያዘገየው ማን እንደሆነ እንነጋገር? ጾታ 1 እና 2 ነበር። አንተ መሃል ላይ ማንንም ሳትጠይቅ 0 እና 1 አደረግከው። ከዚያ በኋላ 1 ሲመጣ ወንድ ይሁን ሴት በምን ልወቅ? ሦስት ወር ወረቀቱን ከስልኩ ጋር እያመሳከርኩ ነው የለቀምኩት።

ሒሳብ ያዥ፦ ያ ሦስት ወር ከማኅበሩ ካዝና ነው የተከፈለው። ለማስታወስ ያህል።

ቀጥታ ተናጋሪ፦ እንደ ሌባ አታናግሩኝ። ከዚህ በኋላ አልጽፍም።

ጸሐፊዋ፦ እባካችሁ። ሦስት ቀን ነው የቀረን። ቁጥር ወዳጅ፣ በጀቱ?

ቀጥታ ተናጋሪ፦ የጾታው ነገር የኔ ጥፋት ነው። ያኔም ብያለሁ።

ዳታ ቤት፦ አላልክም። ግን እሺ። "ተሳታፊ" ይሁን። የዓምዱ ስም ባለበት ይቆያል።

ዶክተር፦ ነገሩን ሳስበው ግን ቃሉ ቀላል አይደለም። ባለፈው መረጃ ሰብሳቢዎቹ "በዕጣ ነው የተመደቡት" ሲሉ ሰው ሎተሪ መሰለው። "ዕጣ ሳይወጣልኝ ቀረ" ብለው የተቀየሙ ነበሩ። "ክትትል" ሲባልም የሚሰልላቸው ሰው የተመደበ ነው የሚመስላቸው። የማይገባውን ሰው ማስፈረም ስምምነት አይባልም።

ቀጥታ ተናጋሪ፦ እኔስ ምን አልኩ?

ዶክተር፦ አጭር የቃላት መመሪያ ብናዘጋጅ? ሠላሳ አርባ ቃል፣ ከነአነጋገሩ። በድምፅ ተቀርጾ ስልኩ ላይ ይጫናል። መረጃ ሰብሳቢው ይጫነዋል፣ ሰውየው ያዳምጣል።

ጸሐፊዋ፦ ይሄ ለገምጋሚዎች አዲስ ነገር ነው። የስልክ ማስታወሻ ሁሉም ያቀርባል።

ቀጥታ ተናጋሪ፦ ቃላቱን እኔ እሰበስባለሁ።

ጸሐፊዋ፦ ረቂቅ 4 ተጭኗል። ርእሱ "የምርምር ቃላት መመሪያና የመረጃ ሰብሳቢዎች ሥልጠና" ሆኗል። የስልክ ክትትሉ አልወጣም፣ አባሪ 2 ላይ አለ። ቁጥር ወዳጅ፣ በጀቱን ዛሬ ካላየሁ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።

ሲስተር፦ ረቂቅ 4ን አየሁት። የቲቢ ሕክምና ስድስት ወር ነው። ሰው ሁለተኛው ወር ላይ ይሻለዋል፣ ሳሉ ይተወዋል፣ ያኔ ነው የሚጠፋብን። እዚህ ሁሉ የመጣነው ለዚያ ሰው ነበር። አሁን ማን ነው የሚደውልለት?

ጸሐፊዋ፦ አባሪ 2 ላይ አለ እኮ።

ሲስተር፦ አባሪ 2 "ይደወልለታል" ነው የሚለው። የሚደውለው ሰው የለበትም።

ዶክተር፦ በሁለተኛው ምዕራፍ እናየዋለን።

ቀጥታ ተናጋሪ፦ ቃላቱን የመሰብሰቡን ነገር፣ ይሄ ሳምንት ትንሽ ተጣቦብኛል። ሌላ ሰው ቢጀምረው።

ሒሳብ ያዥ፦ ቁጥር ወዳጅ ስልክ አያነሳም፣ በጀቱን እኔው ሠራሁት። ድምፁ በምን ላይ ይጫናል ብዬ ካርቶኑን ከፈትኩ። ከ12ቱ ታብሌቶች 5 በርተዋል። ሌሎቹ ምናልባት ቻርጀር ቢያገኙ ይበራሉ። የድሮው ዓይነት፣ ጠባብ አፍ ያለው ቻርጀር ቤቱ ያለው ይጻፍልኝ።