ክርክር፦ አዲሱን ስርዓተ ክወና ለመሸጥ አሮጌውን ማጣጣል ተገቢ ነው?

መነሻ ሐሳብ (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)
ማይክሮሶፍት በ2025 ዊንዶውስ 11 የተባለው ስርዓተ ክወናው (ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ሶፍትዌር) የተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ 10 ከተጫነባቸው እስከ 2.3 እጥፍ እንደሚፈጥኑ አስተዋውቋል። የግርጌ ማስታወሻውን ያነበበ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። በአንድ ወገን የቆሙት አዳዲስ ፕሮሰሰሮች (ስሌቱን የሚሠሩት የኮምፒውተሩ ቺፖች) ናቸው፤ በሌላው ወገን ደግሞ ብዙ ዓመት ያገለገሉ። ፍጥነቱ የፕሮሰሰሩ ሆኖ ሳለ ምስጋናውን የወሰደው ሶፍትዌሩ ነው። እኔ ይህን ማሳሳት እለዋለሁ። እናንተስ?

የኔትወርክ ደኅንነት ባለሙያ
በፍጥነቱ ጉዳይ አልከራከርዎትም። ነገር ግን ማስታወቂያው ካልጮኸ ሰው ከአሮጌው ንቅንቅ አይልም። ሜይ 2017 የተነሣውን ዋናክራይን አስታውሱ። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ነበር፤ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች በሺዎች የሚቆጠሩ ቀጠሮዎችን አሰርዟል። የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ዝማኔ ከሁለት ወር በፊት፣ በማርች፣ ወጥቶ ነበር። የአሮጌው ሥሪት የዊንዶውስ ኤክስፒ ድጋፍ፣ ማለትም ኩባንያው ዝማኔ መላኩ፣ ግን በ2014 ስላበቃ ያ ዝማኔ በጊዜው አልደረሰውም። ሰውን ከእንዲህ ያለ አደጋ የሚያወጣ ከሆነ ትንሽ ማስፈራራት አይከፋኝም።

የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ
ወንድሜ፣ ምሳሌዎ የሚመሰክረው ለተቃራኒው ወገን ነው። በዋናክራይ ከተጠቁት አብዛኞቹ በኤክስፒ ሳይሆን በዊንዶውስ 7 የሚሠሩ ነበሩ፤ የዊንዶውስ 7 ድጋፍ ደግሞ እስከ ጃንዋሪ 2020 ቀጥሏል። የጎደላቸው አዲስ ሥሪት አልነበረም፤ ወጥቶ የተቀመጠውን ዝማኔ አለመጫናቸው ነው። የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው፦ ማስታወቂያው ዝማኔንና አዲስ ሥሪትን አንድ አድርጎ ያቀርባል፤ ሰውም ደኅንነት የሚገኘው በግዢ ብቻ ይመስለዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። «አርጅቷል፣ አዲሱን ስርዓት አይችልም፣ ልጥለው ነው» ተብሎ ላፕቶፕ ይመጣልኛል። ክዳኑን ፈትቼ የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ አወጣለሁ፣ በቦታው ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ማከማቻ፣ እገጥማለሁ፣ ያንኑ የቀድሞውን ስርዓት መልሼ እጭናለሁ። ለመነሣት ሦስት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ማሽን ከግማሽ ደቂቃ በታች ይነሣል። ባለቤቱ አጥፍቶ ደግሞ ያበራዋል፤ አያምንም። እንግዲህ ያረጀው ስርዓቱ ነበር ወይስ ዲስኩ?

ፕሮግራመር
አሮጌ ሥሪት ይዞ መኖር ቀላል አይደለም። ለአንዲት ማስተካከያ እንኳ በየሥሪቱ ለየብቻ ፍተሻ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የድጋፍ ማብቂያ ቀን መቁረጥ ግድ ነው። ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ቲፒኤም 2.0 የተባለው ቺፕም የምስጢር ቁልፎችን ለብቻ የሚጠብቅ ጠቃሚ ነገር ነው።

ልከላከልለት የማልችለው ግን በሜይ 2016 የተደረገው ነው። ወደ ዊንዶውስ 10 ተሻገሩ የሚለውን መስኮት በቀኝ ጥግ ባለችው የኤክስ ምልክት የዘጋ ሰው ለመሻገሪያው የተያዘለትን ቀጠሮ እንደተቀበለ ተቆጠረ። ያች ምልክት ለዓመታት «ተወኝ» ማለት ነበረች። ትርጉሟን ያለ ተጠቃሚው ፈቃድ መገልበጥ ከማስታወቂያነት ያለፈ ድፍረት ነው።

መነሻ ሐሳብ አቅራቢ
እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሁለቱን ስርዓቶች በአንድ ማሽን ላይ ጭነው ይለኩ፤ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነም ትንሽ ነው ይበሉ። ድጋፉ የሚያበቃበት ቀንም ኮምፒውተሩ ሲሸጥ ገዢው በሚያየው ቦታ ይጻፍ።

የኔትወርክ ደኅንነት ባለሙያ
ቀኑ ይጻፍ በሚለው እስማማለሁ። ሆኖም የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዝማኔ በማያገኝ ማሽን የባንክ ሥራ የሚሠራ ሰው ሳይ ዝም ማለት አልችልም።

የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ
እኔም ዝም በሉ አላልኩም። ነገር ግን ያው ኩባንያ የደኅንነት ዝማኔውን ለግል ተጠቃሚዎች በ30 ዶላር ለተጨማሪ አንድ ዓመት አቅርቧል፤ ቅንብሮቻቸውን በኩባንያው ደመና (በኢንተርኔት በሚገኝ ማከማቻው) ለሚያስቀምጡት ደግሞ ያለ ክፍያ። ታዲያ አዲስ ኮምፒውተር ግዙ የሚለው መልእክት ሙሉውን ስክሪን ሲሞላ፣ ይህ አማራጭ ለምን በዚያው መጠን አልተጻፈም?