«ባይጠላ» የሚለውን ቃል እንዴት ላስረዳ?

ወንድሞችና እኅቶች፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ሉቃስ 14፥26 ላይ ጌታ ኢየሱስ፣ ወደ እርሱ የሚመጣ ሰው አባቱንና እናቱን «ባይጠላ» ደቀ መዝሙሩ ሊሆን እንደማይችል የተናገረውን ስናነብ፣ እናቷን ብቻዋን የምትጦር ልጅ ፊቷ ተለዋወጠ። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

«መጥላት» እዚህ አሳንሶ መውደድን በግነት የሚገልጽ የዕብራውያን አነጋገር መሆኑን ነገርኋቸው። ዘፍጥረት 29፥30 ያዕቆብ ራሔልን ከልያ ይልቅ እንደ ወደደ ይናገራል፤ በሚቀጥለው ቁጥር ልያ «የተጠላች» ትባላለች። ማቴዎስ 10፥37ም ያንኑ ትምህርት «ከእኔ ይልቅ» በሚል ቃል ያስቀምጠዋል። ልጅቷ ተጽናናች።

ወዲያው ግን ሌላ ተማሪ፣ «እንግዲያው ቁጥር 33 ላይ ያለውን ሁሉ ስለ መተው የተነገረውስ ግነት ነው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ሁለቱም በአንድ ንግግር ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት አነጋገር የቀረቡ ናቸው። ፊተኛውን ግነት ብዬ ኋለኛውን ቃል በቃል ብወስድ በምን ሚዛን? ሁለቱንም ባለዝብ ደግሞ ትእዛዙ ኃይሉን እንዳያጣ እፈራለሁ። ሌዊ በእርግጥ ሁሉን ትቶ ተከተለ (ሉቃስ 5፥28)፤ ዘኬዎስ ግን የሀብቱን እኩሌታ ሊሰጥ ቃል ገብቶ መዳን ለቤቱ ሆነለት (19፥8-9)።

የአንድምታ ትርጓሜ (የቤተ ክርስቲያናችንን ባህላዊ የመጽሐፍ ቅዱስ ማብራሪያ) የተማራችሁ፣ ግነቱን ከቀጥተኛው ቃል የምትለዩበትን መንገድ እባካችሁ አሳዩኝ። እሑድ ከልጆቹ ፊት እቆማለሁ።